ከገና እስከ ገና

የገና ዱላ በገንዘብ አይገኝም። ደብረ ታቦር ገበያ ሞፈርና ቀንበር፣ የመጥረቢያ እጀታ፣ ሙቀጫ ከነዘነዘናው ይሸጣል፤ ጫፉ የጎበጠ፣ እሩር ለመለጋት የተዘጋጀ ዱላ ግን ሻጭ ይዞት ሲቀመጥ አይቼ አላውቅም። የፈለገ ሰው ቅርንጫፉ ዛፉ ላይ ሳለ ዓይኑን ይጥልበታል፣ አለዚያም ከሚያውቅ ሰው ይለምናል። እኔ የለመንኳቸው ሰፈሩ ሁሉ አያ የሚላቸውን ጎረቤታችንን ነው። ፋርጣ ተወልደው ፋርጣ ያረጁ፣ ዘንግ ባዩ ቁጥር የዛፉን ስም የሚናገሩ ሰው ናቸው።

«ለምንህ ነው?» አሉኝ።

«ለውድድር ነው አያ። ቡድን ገብቼ።»

«ገናም ውድድር ሆነ?»

«ማልያ አለው፣ ዳኛም አለው።»

ትንሽ ዝም አሉ። «ዱላውስ?»

«ዱላውማ ያው ነው።»

«እንግዲያ ደኅና» ብለው ተነሡ።

ይህ በ2011 ዓ.ም. ኅዳር ነው። ያን ቀን ከጓሯቸው ወይራ ላይ አንድ ቅርንጫፍ አሳዩኝ፤ ጫፉ በተፈጥሮው ጠምዘዝ ያለ ነበር። ቆርጠው ልጡን ሳይልጡ እሳት ላይ አገላበጡት። እርጥበቱ ከጫፉ እየፈላ ሲወጣ፣ ልጡ በራሱ ጊዜ መላቀቅ ሲጀምር፣ ጉልበታቸው ላይ አድርገው አጎበጡትና በጠፍር አሰሩት። «አሁን አትንካው» አሉ። ከምድጃው በላይ ካለው ማገር ላይ ሰቅለውት ጢሱን እየጠጣ ከረመ። ሲያወርዱት መልኩ ወደ ቡናማ ዞሮ፣ ክብደቱ ቀንሶ፣ ጠፍሩ ሲፈታም ጉብጠቱ ሳይመለስ ቀርቶ ነበር። ቅቤ አስቀቡኝና ሰጡኝ። ዋጋው ስንት ነው ብዬ ብጠይቅ የሚቀየሙኝ ስለመሰለኝ አልጠየቅኩም፤ እናቴ ግን በበዓሉ ማግስት አንድ ማሰሮ ጠላ ላከችላቸው።

ጨዋታውን ለማያውቅ አንባቢ ባጭሩ ልናገር። ሁለት ወገን ዱላውን ይዞ ይገጥማል። የሚለጋው እሩር ነው፤ ከእንጨት ጉጥ ተጠርቦ የሚድቦለቦል፣ በጭብጥ የሚያዝ ጠጣር ነገር። ከጠፍር የሚሠራው ደግሞ ጥንግ ይባላል፤ እርሱ ለስለስ ይላል። እሩሯን እየለጉ የተጋጣሚን ጠርዝ ማሳለፍ ነው ቁም ነገሩ። አባቶች የሚሉን፣ ጌታ ሲወለድ የምሥራቹን የሰሙት እረኞች በደስታ በዱላቸው የተጫወቱት ነው። አገር ቤት ተጫዋች አይቆጠርም። ላይ ሰፈርና ታች ሰፈር ተብሎ የመጣው ሁሉ ይገባል፤ ሜዳው የግጦሽ መሬቱ ስፋት ነው፤ የሚያቆመው ጨለማ ነው። በዚያ ቀን ጌታው በሎሌው፣ ሀብታሙ በድሃው አይቆጣም። ድል ያደረገው ተሸናፊውን በግጥም ሲሰድበው ያመሻል፣ ተሰዳቢውም እየሳቀ ይቀበላል።

ለዚህ ጨዋታ የኢትዮጵያ ባህል ስፖርቶች ፌዴሬሽን ከትግል፣ ከገበጣ፣ ከቀስት፣ ከፈረስ ጉግስና ከሌሎቹ ጋር ደንብ አውጥቶለት ክልሎች ሲወዳደሩበት ቆይተዋል። ሜዳው በኖራ ይሰመራል፣ ተጫዋቹ ይቆጠራል፣ ፊሽካ ይነፋል። እኔ ይህን ሁሉ የሰማሁት አንድ የሥራ ባልደረባዬ «ቡድናችን ሰው ጎድሎታል፣ ልጅነትህን አስታውስ» ብሎ ሲጠራኝ ነው። አናጢ፣ ባጃጅ ነጂ፣ ተማሪዎች፣ አንድ ዲያቆንና እኔ፣ እንዲህ ሆነን ተሰበሰብን።

ልምምዱ የጀመረው በጾመ ነቢያት ነው። ደብረ ታቦር ከባሕር ጠለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ ከበስተ ምሥራቋ የቆመው ጉና ደግሞ ከ4,100 ሜትር በላይ ነው። ታኅሣሥ ላይ ሌሊቱን ከጉና የሚወርደው ብርድ ሣሩን በውርጭ ነጭ አድርጎት ያድራል። በዚያ ሰዓት እሩር የለጋ ሰው ሕመሙ ከመዳፉ ተነሥቶ እስከ ክርኑ ይደርሳል። የሚጾመው ምግብ ሳይቀምስ ሮጦ ሥራ ይገባል። በዚያ ወር ደግሞ ከጎጃምና ከጎንደር ወገን ተነሥተው ለገና ላሊበላ የሚደርሱ ምዕመናን፣ መቋሚያና ስንቃቸውን ይዘው በእግራቸው በከተማችን ያልፋሉ። ከመካከላቸው ቆም ብለው የሚያዩን ነበሩ። አንድ ጊዜ አንድ ሸምገል ያሉ መንገደኛ ስንቃቸውን መሬት አስቀመጡና ከዲያቆኑ ዱላውን ተቀብለው እሩሯን ለጓት። ጠርዙን አልፋ ከጅረቱ ማዶ ወደቀች። ዱላውን መልሰው፣ ስንቃቸውን ተሸክመው መንገዳቸውን ቀጠሉ። እኛ እሩሯን ስንፈልግ ያ ማለዳ አለቀ።

እሩር መጥፋት የዚያ ዓመት ዋናው ጣጣችን ነበር። ጉም ሲወርድ ከፊት ያለው ሰው ትከሻው ብቻ ነው የሚታይ፤ እሩሯ ጉም ውስጥ ከገባች መውጫዋን በድምፅ ነው የምንከታተላት። ሣር ላይ ዝም ትላለች፤ ድንጋይ ላይ ቋ ትላለች፤ የገብስ ቃርሚያ ውስጥ ከገባች ግን የገለባው ኮሽታ ከየት እንደሆነ አይለይም። የ2011 ገና ዕለት፣ ታኅሣሥ 29፣ ከከተማው ወጣ ብለን ከአንድ ገጠር ቀበሌ ጋር ስንገጥም ጨዋታው መካከል ላይ ጉሙ ዘጋን። እሩሯ ጠፋች። ሁለቱም ወገን ዱላውን ጥሎ በአንድ ረድፍ ተሰልፎ ቃርሚያውን በእግሩ ያስስ ገባ። በመጨረሻ ያገኘቻት በግ የምትጠብቅ ልጅ ናት። ስትፈልጉ አይቼ ነበር፣ የማን ናት ብዬ ፈርቼ ነው አለች። ከእኛ ወገን አንዱ «የሁላችንም ናት» ብሎ ተቀበላት። ከዚያ በኋላ ጉሙ አልገለጠም፤ ጨዋታው ሳይለይ ቀረና ሁላችንም አንድ ቤት ገብተን ዶሮ በላን።

አገር ቤት ገና ካለፈ ዱላው ይሰቀላል። ጥምቀት ይመጣል፣ ከዚያ ጥር 25 የመርቆሬዎስ በዓል ይመጣል። ደብረ ታቦር በዚያ ቀን የፈረስ ከተማ ናት። ከየወረዳው የመጣው ፈረሰኛ ፈረሱን ሸልሞ በጉግስ ይገጥማል፤ ሕዝቡ ከየአቅጣጫው ጎርፎ ዳገቱን ይሞላዋል። እኔ ያን በዓል ከልጅነቴ እወደዋለሁ፣ አንድም ዓመት እንዲያመልጠኝ አልፈልግም። የጉግስ ፈረሰኛ ጠላት ገጥሞ የሚዋጋ ይመስላል፤ ግን ዘንጉ ባዶ ነው፣ ጋሻው የሚመክት ነው፣ የተመታውም ሲስቅ ይታያል። የገናም ወንድም ነው። ቡድናችን ግን ከመርቆሬዎስ በኋላ እሩር ሲለጋ የሰፈሩ ሽማግሌዎች ግራ ገባቸው። «አሁን ምን በዓል አለና ነው?» ይሉናል። ውድድሩ ከፊታችን ነው ስንላቸው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። እውነታቸውን ነው። ከዘመኑ የወጣ ጨዋታ ነበር የያዝነው፤ ሆኖም ልምምዱን አላቆምንም።

የካቲት ላይ ጣቴ ተሰበረ። የለጋሁት ሳይሆን የተለጋብኝ ነው፤ የባልደረባዬ ዱላ እሩሯን ስታ የግራ እጄን ቀለበት ጣት አገኘችው። ወጌሻው ጣቴን ስቦ ወደ ቦታው መልሶ፣ በቀርከሃ ስንጣሪ አስሮ፣ «ዱላ ካየህ አሳይሃለሁ» አለኝ። የአናጢያችን ቁርጭምጭሚት ደግሞ እሩር ወርዶበት ለሳምንታት አበጠ። ይህን የማነሣው በምክንያት ነው። አይርላንዶች ከገና ጋር የሚመሳሰል፣ በጎባጣ ዱላ የሚለጋ ኸርሊንግ የሚባል ጨዋታ አላቸው። ስኮትላንዶችም ሺንቲ የሚሉት አላቸው፤ በእርሱም በደጋው አገራቸው በአዲስ ዓመት በዓል መንደር ከመንደር ይጋጠም ነበር። አይርላንዶቹ ለእነዚህ የአገራቸው ስፖርቶች ማኅበር ያቆሙት በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1884 ነው። የኸርሊንግ ተጫዋች ሁሉ የራስ ቁር እንዲያጠልቅ ያስገደዱት ግን በዚያው አቆጣጠር በ2010 ነው። የራስ ቁሩ ጨዋታውን አላጠፋውም። የእኛም ልጆች ቢያንስ ለቅልጥማቸው መከላከያ፣ ለእጃቸው ጓንት ሊያደርጉ ይገባል። ወንድነት ነው ብሎ ቅልጥሙን ለእንጨት የሚሰጥ ልጅ በሠላሳ ዓመቱ እርሻ ላይ ያነክሳል።

ጣቴ ሳይድን ወረታ ወረድን። ወረታ ያለችበት ፎገራ ሌላ አገር ነው። የሩዝ አገር ነው፣ ሙቀት ነው፣ መሬቱ ዋልካ ነው። በበጋ ያ ጥቁር አፈር ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ስንጥቁ እጅ ያስገባል። እኛ እሩር ሣር ላይ ተንሸራታ እንደምትሄድ ነው የምናውቅ። እዚያ ትነጥራለች፣ ትቆማለች፣ ስንጥቅ ውስጥ ትገባለች፤ እነርሱ ደግሞ ስንጥቁን ሁሉ በስሙ የሚያውቁት ነው የሚመስሉ። ጫፉ ሰፋ ያለ ዱላ ይዘው እሩሯን ከፍ አድርገው በአየር ይለጓታል። አሸነፉን፣ በደንብ አሸነፉን። ከጨዋታው በኋላ አንዱ አጠገቤ ተቀምጦ ዱላዬን አገላብጦ አየና «ይኼ ለደጋ ነው፣ ለኛ መሬት አይሆንም» አለኝ። ከየት እንደተቆረጠ፣ በምን ጢስ እንደታሸ ጠየቀኝ። የእርሱ ዱላ ከቀጋ ነበር። ተለዋውጠን ለግተን ተመላለስን። ለኔ ያ ከሰዓት ከውጤቱ ይበልጥብኛል።

አሁን ወደ ጋይንቱ ጉዞ ልምጣ፣ ይህን ወግ ለመጻፍ ያነሣሣኝም እርሱ ነው።

ከፋሲካ በኋላ ነው። ጋይንት ውስጥ፣ ነፋስ መውጫ ላይ ጠዋት ሦስት ሰዓት እንድንገጥም ተቆርጦልናል። ሌሊት አሥር ሰዓት ላይ የተከራየነው ቅጥቅጥ መጣ፤ ዱላዎቻችንን ጣሪያው ላይ አስረን ተነሣን። ከክምር ድንጋይ አለፍ እንዳልን፣ የጉናን ጎን ይዘን ስንወጣ ሞተሩ ጋለና ቆመ። ረዳቱ ጀሪካን ይዞ ውኃ ፍለጋ ወረደ፣ ሾፌሩ ከሥር ገባ። ነፋሱ በጋቢም በጃኬትም ውስጥ ያልፋል። በዚያ ላይ በረዶ ጣለብን። ዲያቆኑ ከመኪናው ወርዶ መንገዱን ቁልቁል እያየ «አፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖልን በዚህ ወገን ነው የወሰዱት» አለ። ጋፋት ላይ ያሠሩትን፣ ሰባት ቶን ገደማ የሚመዝነውን መድፍ በ1860 ዓ.ም. መግቢያ ከደብረ ታቦር አንሥተው፣ ድንጋይ እያስፈነቀሉ፣ መንገድ እያስጠረጉ፣ መቅደላ ለመድረስ ስድስት ወር ገደማ ፈጅቶባቸዋል። ንጉሡ ከሰው ጋር ሆነው ድንጋይ ያነሡ ነበር። በልጅነቴ በታሪክ ክፍል ተምሬው ነበር፤ ያን ቀን ግን በረዶ እየወረደብኝ፣ ሰው ሁሉ መኪናውን ከኋላ እየገፋ፣ ያ መድፍ ምን ያህል እንደከበደ ትከሻዬ ላይ ተሰማኝ።

ነፋስ መውጫ ስንደርስ አምስት ሰዓት አልፏል። ደንቡ ግልጽ ነው፤ በሰዓቱ ያልተገኘ ቡድን በፎርፌ ይሸነፋል። ዳኛው ሰዓታቸውን እያዩ ነበር፤ ወረቀቱም ተጽፎ ተዘጋጅቶ ነበር። የእነርሱ አምበል ከሜዳው መካከል መጥቶ እርጥብ ልብሳችንን አየና ወደ ዳኛው ዞረ።

«ጌታዬ፣ ሳንገጥማቸው ምን ብለን ነው ቤታችን የምንገባ?»

ዳኛው ደንቡን አስረዱት። እርሱም በትሕትና ሰማና «እኛ ነን የተጎዳነው፣ እኛ ይቅር ካልን ማን ይከሳል?» አለ። ሽማግሌዎች ገቡ። ሴቶች በሰፌድ የተቀቀለ ድንች ከነሚጥሚጣው አቀረቡልን፣ ቆሎ ዘገኑልን። እሳት ተነድዶልን ልብሳችንን አደረቅን። ከዚያ ጨዋታው ተጀመረ።

ከበረዶው በኋላ ሜዳው ጭቃ ነበር። እኩል ለእኩል ሆነን ወደ መጨረሻው ስንቃረብ እሩሯ ከእነርሱ ወገን ከአንድ ቀጭን ልጅ ዱላ ተነሥታ ወደ ጠርዛችን መጣች። ሁለቱም ወገን ተደራርቦ ወደቀባት፤ ከሰው እግር ውስጥ ስትወጣ ከመስመሩ ወዲያ ናት። ፊሽካ ተነፋ፣ ግብ ተባለ። ሕዝቡ ሜዳ ገባ፣ እልልታው ቀለጠ። ያ የለጋት ልጅ ግን አልጨፈረም። ዱላውን ከመስመሩ ወዲህ፣ ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ ጭቃው ውስጥ ተክሎ ቆመ።

«አላለፈችም» አለ። «እዚህ ነው የቆመች። ከዚህ ወዲያ በእግር ተገፍታ ነው የሄደች።»

ጓደኞቹ ጮኹበት። ዳኛው «አይቻለሁ» አሉ። ልጁ «እኔ ነኝ የለጋኋት» አለ፣ ድምፁን ከፍ ሳያደርግ። አምበሉ መጣና ጭቃውን ጎንበስ ብሎ አየ፤ የእሩሯ አሻራ ጉድጓድ ሠርቶ ተቀምጧል። ቀና ብሎ ዳኛውን «ልጁ ያለው ነው» አለ። ግቡ ተሻረ። ጨዋታው እኩል አለቀ፤ ቀድሞ ባስቆጠርነው ተሰልቶ እነርሱ ቀሩ፣ እኛ አለፍን። ሕዝቡ ሲበተን አጠገቤ የቆሙ በርኖስ የደረቡ ገበሬ «ልጄ ነው» አሉኝ፤ ሌላ ቃል አልጨመሩም።

በዚያው ዓመት ተቃራኒውንም አይቻለሁ። ከዚያ በኋላ በገጠምናቸው ጨዋታዎች ሁሉም ዓይኑ ፊሽካው ላይ ነው። እሩር በእጁ የነካ ሰው ዳኛው ካላየ አልነካም። የተመታ ሰው ያልተመታበትን ቦታ ይዞ ይወድቃል። ከእኛም ወገን፣ ከእነርሱም ወገን። ዳኛ ሲመጣ እውነት የመናገር ዕዳ ከተጫዋቹ ላይ ወርዶ በዳኛው ላይ የተጫነ መሰለ። ከዚያ ወዲህ የማስበው ይህንኑ ነው። ገና ለዘመናት ያለ ፊሽካ የቆመው ደንብ አጥቶ አልነበረም። ደንቡ በተጫዋቹ አፍ ላይ ስለነበረ ነው። ሐሰት የተናገረ ልጅ በሚቀጥለው ዓመት ከየትኛውም ሰፈር ቢሰለፍ የሚቀበለው የለም። መንደሩ ትንሽ ነው፤ ስሙ ከዱላው ቀድሞ ይደርሳል።

ይህን ለአጎቴ ልጅ በስልክ አጫወትኩት። እርሱ ሜሪላንድ ነው የሚኖረው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ፍሪዝቢ ይጫወታል። እኔ ፍሪዝቢ ሕፃናት የሚወራወሩት ሳህን ብቻ ይመስለኝ ነበር። ለካ ትልቅ የቡድን ውድድር አለው። ሰባት ለሰባት ሆነው፣ 175 ግራም የምትመዝን የፕላስቲክ ዲስክ እየተቀባበሉ ከሜዳው ጫፍ ያደርሳሉ። ዲስኩን የያዘ ሰው አይሮጥም፤ አሥር ሰከንድ ሳይሞላ መወርወር አለበት። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1968 ኒው ጀርሲ ውስጥ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ናቸው የፈጠሩት። እኔን ያስደነቀኝ ግን ሌላው ነው፤ ዳኛ የለውም። በዓለም ሻምፒዮና ላይ እንኳ ጥፋቱን የሚናገሩት ተጫዋቾቹ ራሳቸው ናቸው። «ነካኸኝ» ይላል አንዱ፤ ሌላው ያምናል ወይም አላመንኩም ይላል፤ ካልተስማሙ ዲስኩ ወደ ነበረበት ይመለሳል። ጨዋታው ሲያበቃ ደግሞ እያንዳንዱ ቡድን ለተጋጣሚው የጨዋነት ነጥብ ይሰጣል፣ ለዚያም ሽልማት አለ። «የእናንተን ገና ነው በሕግ የጻፉት» አለኝ የአጎቴ ልጅ። ተማሪዎቹ ገናን አያውቁትም፤ ነገሩ ግን አንድ ነው። ለኛ ትምህርት የሚሆነው እነርሱ ውድድሩን ሲያሳድጉ ያን ልማድ አለመጣላቸው ነው። ውድድር የግድ ፊሽካ ይፈልጋል የሚለው ወሬ ውሸት መሆኑን አሳይተዋል።

ክረምቱ እንደማንኛውም ክረምት አለፈ። ቡሄ መጣ፤ ደብረ ታቦር ላይ ቡሄ የከተማዋ የራሷ በዓል ስለሆነ ጅራፉ፣ ችቦው፣ ሙልሙሉ ከሌላው አገር ይደምቃል። ሜዳችን ረግረግ ሆኖ ዱላዎቹ ተሰቅለው ቆዩ።

የ2012 ገና ሲቃረብ የውድድሩን ቀን የሚናገር ደብዳቤ ደረሰን፤ ታኅሣሥ 29 ይላል። ደብዳቤውን ይዘን ለግጥሚያው ወደታጨው ገጠር ቀበሌ ሄድን። የቅኔ መምህሩ የኔታ ወረቀቱን ተቀብለው አነበቡና «ዘንድሮ ማን ነው ወንጌላዊው?» ብለው ጠየቁን። ዲያቆናችን ወዲያው ገባው፤ «ዮሐንስ ነው» አለ። «በዘመነ ዮሐንስ ልደት መቼ ይውላል?» ሲሉት «በ28» ብሎ መለሰ። ጳጉሜን ስድስት ሆና ካለፈች በኋላ በሚመጣው ዓመት ልደት አንድ ቀን ቀደም ብሎ ይውላል፤ በ2012ም ገና ማክሰኞ ታኅሣሥ 28 ነበር። ደብዳቤው ግን ተለጥፎ፣ ለየቀበሌው ተልኮ ነበር። በ29 ሁሉም ሰው ወደ ሥራው፣ ገበሬው ወደ አውድማው ይመለሳል። በስልክ ይታረማል ያሉን ሰዎች ሳያርሙት ቀኑ ደረሰ። ስለዚህ ገና በ28 ያለ ኖራ፣ ያለ ማልያ፣ ያለ ፊሽካ ተጫወትን። የመጣው ሁሉ ገባ። አባት ከልጁ ትይዩ ቆመ። እሩሯ ጠርዝ ስታልፍ አላለፈችም የሚለው የለጊው ወገን ነበር፤ አልፋለች የሚለው ደግሞ የተለጋበት ወገን። አያ በሰማንያ ዓመታቸው ጋቢያቸውን አጣፍተው መጥተው ነበር፤ አንድ ጊዜ እሩሯ እግራቸው ሥር ስትደርስ የጉዞ ዘንጋቸውን አዙረው መለሷት። በማግስቱ፣ በ29፣ ጥቂት ተጫዋቾችና ዳኛው በኖራ የተሰመረ ባዶ ሜዳ ላይ ተገናኝተን ተሰናበትን።

እኔ የውድድሩ ጠላት አይደለሁም። ውድድሩ ባይኖር የከተማ ልጅ ዱላ አይዝም ነበር፤ እኔም ፎገራን፣ ጋይንትን፣ ያን ልጅ አላይም ነበር። የምለው ሁለት ነገር ነው። የመጀመሪያው ለፌዴሬሽኑ ሰዎች ነው፤ በገና ውድድር ላይ የጨዋነት ነጥብ ይጻፍ፣ ተጋጣሚ ለተጋጣሚው ይስጠው፤ ዳኛው ቢኖርም ቅድሚያ ተጫዋቹ ይጠየቅ። ሁለተኛው ለደብረ ታቦር ሰው ነው። ልጅ ሆነን እሩር የለጋንባቸው የግጦሽ ሜዳዎች ቤት እየተሠራባቸው፣ እየታጠሩ ነው። ቤት ለሰው ያስፈልጋል፤ ግን በየቀበሌው አንድ ሜዳ፣ ልጅ ጎባጣ ዱላ ይዞ የሚሮጥበት አንድ ሜዳ ይቆይ። ታኅሣሥ ሲገባም ልጆቻችሁን ላኩ። የቅልጥም መከላከያ አድርጉላቸው፣ ዱላውን ከሚያውቅ ሽማግሌ ለምኑላቸው፤ ለምናችሁ የሚከለክላችሁ ሽማግሌ በፋርጣ የለም።